ሐዋሳ ላይ ውጭ ወጥቶ ለሚሥል

ሐዋሳ ላይ ቀለምና ሰሌዳ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ከቀለሙ በፊት ፀሐይዋን ይወቅ። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ አካባቢ ናትና ፀሐይ ብዙ ሳትዘም ሽቅብ ነው የምትወጣው፤ በሰዓት ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ከፍ ትላለች። እንደ ወሩ ከንጋቱ 12፡10 እስከ 12፡45 ባለው ጊዜ ብቅ ትላለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ የቆመ ሰው ጥላ የቁመቱን አራት እጥፍ ያህል ነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሁለት እጥፍ ገደማ፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ከቁመቱ እምብዛም አይበልጥም። እኔ ሰዓት ከማይ ጥላዬን ማየት ይቀለኛል፤ ከቁመቴ ጋር ሊተካከል ሲቃረብ አዲስ ነገር አልጀምርም። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ከአናት ይወርዳል፤ የሰው ዓይን ጉድጓድ ይጨልማል፣ ግድግዳው ይነጣል፣ ጥላው እግር ሥር ተሰብስቦ ቅርጽ መስጠት ያቆማል።

ስለዚህ የሥራው ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ከ9፡30 እስከ 11፡45 ነው። የመሃሉ ጊዜ ግን የሚጣል አይደለም። የሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር፣ የገበያ ዳስ ውስጥ፣ የጀበና ቡና በረንዳ ላይ ብርሃኑ ከመሬት ነጥሮ ከታች ወደ ላይ ይመጣል፤ ከ5 እስከ 8 ሰዓት እንደዚህ ያለ ቦታ ቁጭ ብሎ መሥራት ይቻላል፤ ለውጡም ዝግ ያለ ነው።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 የድርቆሽ ክምሮቹን ሲሥል ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር የያዘውን ሸራ አስቀምጦ ሌላ ያነሳ ነበር። በሰሜን ፈረንሳይ ፀሐይ አጋድላ ስለምትወጣ ዝቅ ያለው ብርሃን ረዘም ይላል። እኛ ዘንድ አንድ ዓይነት ብርሃን የሚቆየው ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ነው። ትልቅ ሸራ ከማቆም 20 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ሰሌዳዎች ይዞ መውጣት ይሻላል፤ አንዱ ለመጀመሪያው ብርሃን፣ ሌላው ለቀጣዩ። የመጀመሪያው ካላለቀ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሶ መቀጠል እንጂ ብርሃኑ ከሄደ በኋላ መነካካት ሥዕሉን ያበላሻል፤ ጥላው በሁለት አቅጣጫ የወደቀ ሥዕል ያየ ሰው ምን እንዳስጨነቀው ሳያውቅ ፊቱን ያዞራል።

ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ጠዋት ዳሩ ላይ ቆማችሁ ውሃውን ስታዩ ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት። ጀልባዎቹ ቀለማቸውን ሙሉ ያሳያሉ፣ ጥላቸው ግን ከኋላቸው ስለሚደበቅ ዝርግ ይሆናሉ። መፍትሔው ዳሩን ተከትሎ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ማየት ነው፤ ያኔ ብርሃኑ ከጎን ይመጣና ጀልባው ሆድና ጀርባ ያገኛል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይ ከፊት ትሆናለች። ቀለም ይጠፋል፤ የሚቀረው የጨለማና የብርሃን ቅርጽ ብቻ ነው። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ብርትኳናማ ቀለም ከቱቦ ያፈሳል። የምሽት ሐይቅ አብዛኛው ስፋቱ ግራጫ ነው፤ ሞቃቱ ቦታ ከፀሐይዋ ሥር ያለው ጠባብ መስመር ነው፣ እሱም የሚያበራው ዙሪያው ስለደበዘዘ ነው።

የቤት ውስጥ ሥራ ላላችሁ አንድ ነገር እዚሁ ልጨምር። ከአውሮፓ የመጣ የሥዕል ትምህርት ሁሉ የሠዓሊ መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን ይላል፤ እዚያ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለማትገባ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው። ሐዋሳ ላይ ይህ የሚሠራው ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ጋደል ብላ ትወጣለች፣ ስትጠልቅም እንዲሁ፤ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ደግሞ የቀትር ፀሐይ ራሷ ከአናት በስተሰሜን ናት። ሰሜን መስኮት ጠዋትና ማታ ቀጥተኛ ጨረር ያስገባል። መስኮቱን መቀየር ስለማይቻል ነጭ አቡጀዲ ሁለት ድርብ አድርጎ መጋረድ ይበቃል። በነዚህ ወራት ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ካለ እሱን መጠቀም ነው። ባለ ቀለም መጋረጃ አይሆንም፤ ክፍሉን በሙሉ ይቀባዋል።

አሁን ሰሌዳው። 3 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) በርካሽ ይገኛል፣ ውፍረቱም ለትንሽ ሥራ ይበቃል። አንድ ሙሉ ሉህ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ፈርኒቸር ቤት በማሽን ሲያስቆርጡት 20 በ25 የሆነ 54 ሰሌዳ ይወጣዋል፤ 24 በ30 ከሆነ 40። ኮምፔርሳቶም ይሆናል፤ የእንጨቱ ስንጥር መስመር ግን በቀለሙ ውስጥ ይታያል።

መጀመሪያ አንድ እጅ ነጭ የእንጨት ኮላ በሁለት እጅ ውሃ አቅጥኖ ፊቱንም ጀርባውንም ጠርዙንም መቀባት ያስፈልጋል። ጀርባውን የሚዘሉት ብዙ ናቸው፤ ሰሌዳው በማግስቱ እንደ ቂጣ ተጣሞ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፣ አንዱ ወገን ውሃ ጠጥቶ ሌላው ስላልጠጣ። ሲደርቅ ነጩ ቅብ ይቀጥላል፦ አንድ እጅ ኮላ፣ አንድ እጅ ውሃ፣ ሁለት እጅ በሻሽ የተነፋ የጠመኔ ዱቄት፣ አንድ እጅ ነጭ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን የፕላስቲክ ቀለም) ወይም ጥሩ የውሃ ቀለም። ሦስት ጊዜ ስስ አድርጎ፣ አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም። በየመሃሉ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ለስለስ ማድረግ፣ ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ።

ጄሶ በጠመኔ ፋንታ ልጠቀም የሚል ይኖራል። ለጣሪያ የሚሠሩበት ጄሶ ውሃ ሲነካው ስለሚረጋ ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። የተዘጋጀ የሰሌዳ ጠመኔ ግን የረጋ ስለሆነ ችግር የለውም፤ ወቅጦ መንፋት ብቻ ነው። ቅቡ በትክክል መውጣቱን ለማወቅ ከደረቀ በኋላ ጣት አሻሹበት። ነጭ ዱቄት ከወጣ ኮላው አንሷል፤ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ዘይቱን ስለሚመጠው ቀለሙ ደብዝዞና ጠቁሮ ይቀራል። መስታወት መስሎ ካብለጨለጨ ኮላው በዝቷል፤ ብሩሹ ይንሸራተታል፣ ቀለሙም የሚነክሰው ሻካራ ገጽ አያገኝም። አቡጀዲ ላይ የሚሠራ ሰው የጠመኔውን መጠን በግማሽ ይቀንስ፤ ጨርቅ ስለሚተጣጠፍ ወፍራም ጠመኔ ይሰነጠቃል። ያልተቀባ ጨርቅ ላይ በቀጥታ የዘይት ቀለም መጣል ደግሞ ጊዜ የሚወስድ ጥፋት ነው፤ ዘይቱ ክሩን ያደርቀዋል፣ ከዓመታት በኋላም ጨርቁ ይሰባበራል።

ነጭ ሰሌዳ ይዛችሁ አትውጡ። ፀሐይ ላይ ነጩ ዓይን ይወጋል፣ ያስቀመጣችሁት የመጀመሪያ ቀለም ሁሉ ከእውነቱ የጠቆረ ይመስላል፤ ሳታውቁትም ሁሉን ነገር ታነጡታላችሁ። ከቀናት በፊት በርንት ሲየና የሚባለውን ቀላ ያለ ቡናማ አቅጥኖ መቀባትና በጨርቅ መጥረግ ይሻላል። በሥራው መሃል ያልተሸፈነው ቦታ ሁሉ የሐዋሳን ሞቃት መሬት ይመስላል፤ በተለይ ከሰማያዊው ሥር ብልጭ ሲል ሥዕሉ ይተነፍሳል።

ከቀለም ሰባት ይበቃሉ፦ ቲታኒየም ነጭ፣ ካድሚየም ቢጫ (ክፍቱ)፣ የሎ ኦከር (አፈር የሚመስል ቢጫ)፣ ካድሚየም ቀይ (ክፍቱ)፣ አሊዛሪን (ጠቆር ያለ ቀይ)፣ አልትራማሪን (ደማቅ ሰማያዊ)፣ በርንት ሲየና። ነጩ ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ያልቃል፤ ትልቁን ቱቦ ግዙ። ቱቦው ላይ ከስሙ ይልቅ የቀለሙን መለያ አንብቡ። ፒቢ29 አልትራማሪን ነው፣ ፒደብሊው6 ቲታኒየም ነጭ ነው። ነጩ ፒደብሊው4 ከሆነ ዚንክ ነው፤ በዘይት ሲደርቅ ተሰባሪ ስለሚሆን ለዋና ነጭነት አይሆንም። ፒአር83 የተባለው አሊዛሪን በስስ ሲቀባ በብርሃን ይደበዝዛል፤ ፒቪ19 የተጻፈበት ሲገኝ እሱን መውሰድ ነው። ስሙ አጠገብ ሂዩ የሚል ካለ በሌላ ቀለም የተመሳሰለ ነው ማለት ነው፤ መጥፎ አይደለም፣ ግን ሲደባለቅ የምትጠብቁትን ላይሰጥ ይችላል።

ጥቁር ቱቦ እኔ አልይዝም። ሁለት እጅ አልትራማሪን ከአንድ እጅ በርንት ሲየና ጋር ቀዝቃዛ ጥቁር ይሰጣል፤ ሲየናው ሲበዛ ሞቃት ይሆናል። ከአንድ ድብልቅ ሁለት ዓይነት ጨለማ ማግኘት ለጥላ ሥራ ትልቅ ጥቅም አለው።

በዘይትና በአክሪሊክ መካከል ለሚያመነታ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ አየር አክሪሊክ ፓሌት (ቀለም መቀላቀያ ገበታ) ላይ በደቂቃዎች ይደርቃል። የምሳ ዕቃ ውስጥ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ አንጥፎ፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አድርጎ ቀለሙን እዚያ ላይ ማስቀመጥ ሰዓታት ያቆየዋል። አክሪሊክ ሲደርቅ ትንሽ እንደሚጠቁርም አትርሱ፤ እርጥብ ሳለ ነጣ አድርጋችሁ ተዉት። በአክሪሊክ ላይ ዘይት ይቀባል፣ በዘይት ላይ አክሪሊክ ግን አይቀባም፤ ይላጣል። በዘይት የሚሠራ ደግሞ የመጀመሪያውን ሽፋን በተርፔንታይን አቅጥኖ፣ ከላይ ያለውን ዘይት ጨምሮ ይሥራ፤ ከተገለበጠ ከታች ያለው ሳይደርቅ የላዩ ደርቆ ይሰነጠቃል። ለማቅጠን የወጥ ቤት ዘይት መጠቀም አይገባም። የፓልም ዘይት ከነጭራሹ አይደርቅም፣ የኑግ ዘይት ለረጅም ጊዜ እየተጣበቀ ይቆያል። የተልባ ዘይት ነው የሚደርቀው።

አቀማመጥ። ሰሌዳውም ፓሌቱም አንድ ዓይነት ብርሃን ውስጥ ይሁኑ፤ ሁለቱም ጥላ ውስጥ ቢሆኑ ይመረጣል። ሰሌዳው ላይ ፀሐይ ካረፈ ሁሉን ታጠቁሩታላችሁ፤ ቤት ስትገቡ ሥዕሉ ማታ የተሠራ ይመስላል። ጃንጥላው ነጭ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ይሁን። ቀይ ጃንጥላ ሥር የተሠራ ሥዕል አረንጓዴው ሁሉ ተዛብቶ ይገኛል። የፀሐይ መነጽር ማውለቅ ግድ ነው። ጀርባችሁን ለግድግዳ ወይም ለዛፍ ስጡ፤ ሕፃናት ከኋላ ሲሰበሰቡ ትከሻ ላይ ከሚመጡ ከፊት ቢቀመጡ ይሻላል፤ ይሻማሉ እንጂ አይገፉም።

አሠራሩን ባጭሩ። አምስት ደቂቃ ምንም ሳትነኩ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ሦስት ወይም አራት ትልልቅ ቅርጾች ይቀራሉ። በቀጭን ሲየና ጥላዎቹን ብቻ ሙሏቸው፤ ሰውም ይሁን ግድግዳ ወይም ባጃጅ ሳትለዩ፣ ተያይዘው እንደ አንድ ቁራጭ። ይህ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ጥላው ወዴት ቢሸሽ አትከተሉት፤ በመጀመሪያ ያሠፈራችሁት ነው የሥዕሉ ሰዓት። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ትልቅ ቅርጽ አንድ ቀለም ቀላቅሉ፣ በሰፊ ብሩሽ ጣሉ፤ 8 እና 10 ቁጥር ጠፍጣፋ የአሳማ ፀጉር ብሩሽ ጥሩ ነው። ትንሹን ብሩሽ እስከ መጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ቦርሳ ውስጥ ተዉት። ትንሽ ብሩሽ ያነሳ ሰው ቶሎ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ ዝርዝር የገባ ሰው ብርሃኑን ያጣል።

ብዙ ሥዕል የሚበላሸው ጥላ ውስጥ ያለው ነጭ ላይ ነው። አንዲት ሴት ነጠላዋን አጣፍታ ከጥላ ቆማለች፣ ፊት ለፊቷ አስፋልቱ ፀሐይ ይመታዋል። ዓይን ነጠላው ነጭ መሆኑን ስለሚያውቅ ነጭ አድርጎ ያየዋል። በእውነቱ ግን ፀሐይ ላይ ያለው ብርሃን ከጥላው ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ጥላ ውስጥ ያለው ነጠላና ፀሐይ ያረፈበት ጥቁር አስፋልት በጣም ይቀራረባሉ። ይህን ለማመን ግራጫ ካርቶን ላይ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በስቶ፣ ክንድ ዘርግቶ፣ በቀዳዳው አንዴ ነጠላውን አንዴ አስፋልቱን ማየት ነው። ነጠላው ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ይገኛል። እኔ የምቀላቅለው አልትራማሪን፣ ትንሽ አሊዛሪን፣ ጫፍ ኦከር፣ ከዚያ ነጭ ነው። ፀሐይ የነካው ዳር ነጭ ከትንሽ ኦከር ጋር፤ ንጹሑ ነጭ ለአንድ ወይም ለሁለት ነጥብ ብቻ ይቀመጥ። ጥለቱን በማስመሪያ የተሠመረ አታስመስሉት፤ ከጨርቁ እጥፋት ጋር ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይወጣል፤ ጥላ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይደፈርሳል።

ጥላ ሲባል ሁሉም ቀዝቃዛ አይደለም። ወደ ሰማይ የሚያይ ገጽ ሁሉ፣ ትከሻ፣ የጠረጴዛ ፊት፣ የአናት ጨርቅ፣ ከሰማዩ ሰማያዊ ይወስዳል። ወደ መሬት የሚያይ ገጽ፣ አገጭ ሥር፣ የቆርቆሮ ክፈፍ ሆድ፣ የጀልባ ታች፣ ከመሬቱ ሞቅ ያለ ቡናማ ይቀበላል። አንድ የሱቅ ክፈፍ ሥር ያለውን ጥላ አንድ ወጥ ሰማያዊ አድርጎ የሚቀባ ሰው ግድግዳውን ከወረቀት ያስመስለዋል፤ ከላይ ወደ ታች ሞቃቱን ወደ ቀዝቃዛ እያሸጋገረ ከቀባ ቦታው ጥልቀት ያገኛል።

የሰው ፊት። ለጠይም ቆዳ ሁለት እጅ በርንት ሲየና፣ አንድ እጅ ኦከር፣ ሩብ እጅ አልትራማሪን መነሻ ይሆናል። ለቀይ ዳማ ኦከሩን ከሲየናው ጋር አስተካክሎ ጫፍ ካድሚየም ቀይ መጨመር፤ ለጥቁር ቆዳ አልትራማሪኑንና አሊዛሪኑን ከፍ ማድረግ። የተለመደው ጥፋት ብርሃኑን ለማምጣት ነጭ መጨመር ነው፤ ፊቱ አመድ የተቀባ ይሆናል። መጀመሪያ በኦከርና በካድሚየም ቀይ አንሡት፣ ነጭ የመጨረሻው ይሁን። ጥቁር ቆዳ ላይ ግንባርና የጉንጭ አጥንት ሰማይን ያንጸባርቃሉ፤ እዚያ ላይ ሰማያዊ ግራጫ በቀጭኑ ማሳረፍ ፊቱን ሕያው ያደርገዋል። ከጆሮ ኋላ ፀሐይ ሲመታ ደግሞ ጆሮው ደም ይመስላል፤ ካድሚየም ቀይ ከሲየና ጋር፣ ያለ ነጭ።

አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጠዋት የሚሠራ ቦታ ነው። መረብ ዘርግተው ዓሣ የሚለቅሙትን ሰዎች ለመሣል ከመጀመራችሁ በፊት ጠጋ ብላችሁ ሰላም በሉ፤ ትልቅ ሰው ከሆነ «ጋሼ፣ እዚህ ቁጭ ብዬ ብሥል ቅር ይልዎታል?» ማለት ይበቃል፤ እኩያ ከሆነ «ወንድሜ» ነው። የተጠየቀ ሰው ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ እንዲያውም ሲሣል እንዳይነቃነቅ ይደርቃል፤ ሥራውን እንዲቀጥል ንገሩት። እጅ የሚደጋግመው እንቅስቃሴ ስለሆነ አንዱን አቋም መርጦ፣ እጁ እዚያ ሲመለስ እያዩ መሥራት ይቻላል።

የቆሮሶ ዓሣ ቀለም ብርማ አይደለም፤ ሠዓሊው ነጭና ግራጫ ቀብቶ የሞተ ቆርቆሮ ያደርገዋል። ዓሣው ከሰማይም ከሳርም ከጀልባውም ቀለም ይወስዳል። አልትራማሪን፣ ሲየናና ነጭ ቀላቅሎ መካከለኛ ግራጫ ማዘጋጀት፣ ጀርባው ላይ ወደ አረንጓዴ፣ ሆዱ ላይ ወደ ሮዝ ማዘንበል፣ ከዚያ አንዲት ብልጭታ በአንድ ምት ማሳረፍና አለመንካት። ክምር ከሆነ እያንዳንዱን ዓሣ አትቁጠሩ፤ ሁለት ዓሣ በደንብ ከታየ ዓይን ሌላውን ይሞላዋል። አምባዛ ደግሞ ቅርፊት ስለሌለው ብልጭታው ሰፊና ለስላሳ ነው፤ አካሉ ከሲየናና አልትራማሪን የሚወጣ ድፍርስ ወይራማ ነው።

አባ ኮዳ ለሠዓሊ የተሠራ ወፍ ነው፤ የተጣለ ዓሣ እየጠበቀ ለረጅም ጊዜ አይነቃነቅም። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ጀርባው ጥቁር ግራጫ፣ ደረቱ ነጭ፣ አንገቱና ራሱ ላባ የለውም፤ ሮዝና ቀይ ነው። እግሩ ነጭ የሚመስለው ኩሱን እግሩ ላይ ስለሚጥል ነው፤ ስለዚህ ንጹሕ ነጭ ሳይሆን ጠመኔ ነጭ፣ ከሥሩ ጥቁሩ የሚወጣ። ትከሻውን ሰብስቦ ስለሚቆም ክብደቱን ወደ እግሩ አውርዱት፤ አንገቱን ቀጥ ያደረገ ሰው ሌላ ወፍ ሣለ ማለት ነው።

የውሃ ውስጥ ምስል አንድ ቀላል ሕግ አለው። ጨለማ ነገር ውሃ ላይ ትንሽ ይነጣል፣ ብሩህ ነገር ትንሽ ይጠቁራል። ከእግራችሁ ሥር ያለው ውሃ ወደ ውስጥ ስለሚታይ ወይራማ ነው፤ ራቅ ያለው ሰማይን ያንጸባርቃል። ከታች እስከ ላይ አንድ ሰማያዊ ከቀባችሁት ሐይቁ እንደ ግድግዳ ይቆማል።

ከተማው ውስጥ ባጃጅ የሚሥል ሰው ተራ የሚጠብቁበትን ቦታ ይምረጥ። አንዱ ሲሄድ ሌላው መጥቶ እዚያው ይቆማል፤ ቅርጹም ቀለሙም ስለሚመሳሰል ሥራው አይቋረጥም። ፀሐይ ላይ ያለው ሰማያዊ አልትራማሪን ከነጭ ጋር፣ ጫፍ ቢጫ ተጨምሮበት፤ ጥላው አልትራማሪን ከሲየና ጋር። ሁለቱንም በአንድ ሰማያዊ ላይ ነጭና ጥቁር በመጨመር ያገኘ ሰው መጫወቻ ባጃጅ ይሥላል። ሰማያዊው እንዲጮህ ከፈለጋችሁ አጠገቡ ያለውን አቧራ ወደ ብርትኳናማ አዘንብሉት። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭረል እ.ኤ.አ. በ1839 ያሳተመው ይህንኑ ነበር፤ ይሠራበት በነበረው የምንጣፍ ሥራ ቤት ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል ቅሬታ ሲመጣ ክሩ ደህና ሆኖ አገኘው፤ ያደበዘዘው አጠገቡ ያለው ሰማያዊና ሐምራዊ ነበር።

የመንገድ ዳር ነጋዴዎች ጃንጥላ የሥሩን ነገር ሁሉ ይቀባል። ከቀይ ጃንጥላ ሥር ያለ የቡና ሲኒ ሮዝ ነው፣ አቮካዶው ቡናማ ይመስላል፣ የነጋዴዋ ፊት ይጋላል። እንዳያችሁ ቀቡት፤ ሲኒው ነጭ ነው ብላችሁ ካነጣችሁት ከሥዕሉ ውስጥ ዘሎ ይወጣል።

አረንጓዴ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፤ ሐዋሳ ደግሞ አረንጓዴ አታጣም። የቱቦ አረንጓዴ አያስፈልግም። መነሻው አልትራማሪን ከኦከር ጋር ነው፤ ፀሐይ የነካው ወደ ካድሚየም ቢጫ፣ ጥላው ወደ ሲየና ይሄዳል። የዋርካ ቅጠል ወፍራምና አንጸባራቂ ስለሆነ የላዩ ገጽ ቢጫ አይደለም፣ ሰማዩን ይዞ ሰማያዊ ግራጫ ይሆናል። እንሰትና ሙዝ ተቃራኒ ናቸው፤ ፀሐይ ከኋላቸው ስትሆን ብርሃኑ በቅጠሉ ውስጥ ያልፍና እጅግ የጋለ ቢጫ አረንጓዴ ይሰጣል። ይህንን ለአንድ ወይም ለሁለት ቅጠል ብቻ ቆጥቡት። አረንጓዴው በጣም ከጮኸ ጫፍ ቀይ ያረጋዋል። በዛፍ ውስጥ የሚታዩት የሰማይ ቀዳዳዎች ከሰማዩ ራሱ ትንሽ ጠቆር ይበሉ፤ ካልሆነ ዛፉ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላሉ።

በስልክ ፎቶ ለሚያግዙ፦ ሁለት አንሱ፣ አንዱን ብሩሁን ቦታ ነክታችሁ፣ ሌላውን ጥላውን ነክታችሁ። አንድ ፎቶ ብቻ ከሆነ ጥላው ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፣ ሠዓሊውም ጉድጓዱን ይቀዳል።

ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ይነሳል። ሰሌዳውን በካሜራ ማቆሚያ ካቆማችሁት እግሮቹ መሃል ላይ ድንጋይ የሞላ ፌስታል አንጠልጥሉ፤ ጃንጥላውን ከማቆሚያው ጋር አታያይዙት፣ ሲገለበጥ ሁሉን ይዞ ይሄዳል። እርጥብ ዘይት ላይ የተጣበቀ ትንኝ አይነቀልም፤ ሲደርቅ በብሩሽ ሲነካ ይረግፋል፣ አሁን ከነቀላችሁት ግን ቀለሙን ይፈትላል። ጠብታ ዝናብ ዘይትን አይጎዳም፤ አክሪሊክ ይፈስሳል።

ሲመለሱ ሁለቱን እርጥብ ሰሌዳዎች ፊት ለፊት አድርጎ፣ በአራቱ ማዕዘን የተቆረጠ የቡሽ ቁራጭ አስገብቶ በላስቲክ ማሠር ነው። ቡሹ የሚያርፍበት ማዕዘን ላይ ቀለም አይኑር። ስስ የዘይት ሥራ ለመንካት እስኪደርስ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ ቫርኒሽ ከስድስት ወር በፊት አይነካውም። ብሩሹን መጀመሪያ በጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ በትንሽ የምግብ ዘይት አሹት፣ ከዚያ በልብስ ሳሙናና በለብታ ውሃ አረፋው ነጭ እስኪሆን መዳፍ ላይ እጠቡት፤ ጫፉን አስተካክላችሁ ፀጉሩን ወደ ታች አድርጋችሁ አድርቁ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ግን ተጨማድዶ ቅርጫት ውስጥ አይጣል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተከመረ ጨርቅ ሙቀቱን ይይዛል፣ ያለ ክብሪትም ሊነሳ ይችላል። ውሃ የተሞላ ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ መንከር፣ ወይም አንድ በአንድ ውጭ ዘርግቶ ደረቅ ካደረገ በኋላ መጣል ነው።